ገባ፣ አልገባም

በያጁ ጎረቤቴ በር አይበይድም። የመስኮት ፍርግርግ፣ አልጋ፣ የተሰበረ ጋሪ አምጣለት፣ ደስ ብሎት ይሠራልሃል፤ በር ካመጣህ ግን ይዘህ ትመለሳለህ። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ይከራከረዋል። የሚያውቀው ደግሞ ይብሳል፤ ጠጋ ብሎ "እውነት ግን ያቺ ኳስ ገባች ወይስ አልገባችም?" ይለዋል። እሱ መነጽሩን ፊቱ ላይ ጥሎ እሳቱን ይለኩሳል። እኔ አጠገቡ ጎማ እጠግናለሁ፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ስለነበርኩ ጠያቂውን በጎማ መንቀያው አናቱን ማለት ያምረኛል።

የጎረቤታሞች ዋንጫ የሚባል የቅርጫት ኳስ ውድድር ነበር። ሦስት አገሮች ድንበር ላይ ሲታኮሱ ከርመው ሲታረቁ፣ ፍቅራችን ይጽና ብለው ያቋቋሙት። ፍቅሩ እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያው ዓመት አንድ እንግዳ ተጫዋች ጥርሱን ከሜዳ ለቅሞ ሄደ። በማግስቱ ዓመት እነሱ ዘንድ ሲዘጋጅ የእኛዎቹ አውቶቡስ አንድ መስታወት ሳይቀርለት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ብድር በምድር ሆነና ጨዋታው ተረሳ። የጎድን አጥንቱ በክርን ያልተደቆሰ ተጫዋች አልተሰለፈም ማለት ነው እያልን እንስቅ ነበር።

በያጁ የአዳራሹ ጠጋኝ ነበር። ተጫዋቾቹ ቀለበቱ ላይ እየተንጠለጠሉ ስለሚያጎብጡት መሣሪያውን ይዞ ከቅርጫቱ ሥር ይቀመጣል። ሚስቱንም ያገኘው እዚያው ነው። ከእንግዶቹ ደጋፊዎች ጋር መጥታ፣ ድንጋይ ግንባሯን ፈንክቷት፣ እሱ ደሟን በሥራ ልብሱ እጅጌ ጠረገላት። "በድንጋይ የተዳረ" እያልን እናበሽቀው ነበር፤ ትዳሩ ግን ጸና። ከቁመቱ የተነሳ መሰላል የሚባለው ታናሽ ወንድሟ በኋላ ለአገሩ ቡድን ተመረጠ።

የመጨረሻው ዓመት ውድድር እኛ ዘንድ ሆነ። ያለ ትኬት ሾልኮ የሚገባው ስለበዛ የአዳራሹ ኃላፊ "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ብሎ የጓሮውን የብረት በር እንዲበይደው አዘዘው። በየደው። ሲጨርስ በመዶሻ መታ መታ አደረገና "እኔ የበየድኩት አይለቅም፤ አሁን ዝንብም አትገባ" አለኝ። ሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር።

በፍጻሜው ዕለት ሚስቱ ደጅ ድረስ ሸኘችው።

"ወንድሜን አደራ። ሰዉን ታውቀዋለህ" አለችው።

"ሲያልቅ ይዤው እገባለሁ" አላት።

በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። መሰላል ከሩቅ ወረወረ፤ ኳሷና የማብቂያው ደወል እኩል ደረሱ። ግማሹ ገባ አለ፣ ግማሹ አልገባም፤ ዳኛው እጁን ሳያነሳ ጠርሙስ ፊቱን ተረተረው። ከዚያ ወንበር ዘነበ። የእንግዶቹ አሠልጣኝ ሜዳው መሐል ተረገጠ። ፖሊሶቹም ዱላቸውን የሚያሳርፉበትን አልመረጡም፤ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ያገኙትን ነው። በያጁ የሚስቱን ወንድም ክንድ ይዞ ወደ ዋናው በር ሲጎትተው፣ ልጁ በሩ በሰው መታፈኑን አየና እጁን አስለቅቆ ወደ ጓሮው ሮጠ። ከዚያ በፊት በመጣ ጊዜ የወጣበትን በር ያውቀዋል። የወንበር እግር የነቀሉ ሰዎች ተከተሉት። በያጁ ያ በር ተዘግቷል እያለ ከኋላ ጮኸ፤ በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማዋል።

እሱ ሲደርስ ልጁ በሩን በትከሻው እየደበደበ ነበር። በያጁ መዶሻውን አወጣና የገዛ ብየዳውን ይቀጠቅጥ ጀመር። ፍንክች አላለም። ሰዎቹ ደረሱ፤ መዶሻ የያዘ እጁን ሰብረው ወደ ጥግ ወረወሩትና ወደ ልጁ ዞሩ። እኔ ፖሊስ ለምኜ ስደርስ መሰላል በዚያ ሁሉ ቁመቱ በሩ ሥር ተዘርግቶ ነበር። ፊቱን አይቼ ማን እንደሆነ አልለየሁትም፤ በጫማው ነው ያወቅኩት።

አገሮቹ ተካሰሱ፣ ድንበሩ ተዘጋ፣ ዋንጫውም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። እኔ የማስታውሰው በያጁን ደግፌ ቤቱ ያደረስኩትን ነው። ሚስቱ እራት አቅርባ በር ላይ ቆማለች። እኛን አልፋ መንገዱን አየች።

"ወንድሜስ? በሰላም ገባ?" አለች።

እሱ የተሰበረ እጁን አቅፎ መሬት መሬት አየ። ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሟ ነገር ቤታቸው ውስጥ ተነስቶ አያውቅም፤ አንድ አልጋ ላይ እየተኙ እንዲህ መኖር ምን ይባላል፣ እኔ እንጃ።

ባለፈው ሰሞን ድንበሩ ተከፈተና ከዚያ ማዶ የመጣ ሹፌር የተሰነጠቀ ተሳቢውን ሊያስበይድ ቆመ። ወሬ ይወዳል። የበያጁ ሚስት ከሱቁ ጀርባ ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የአገሯን አነጋገር ስትሰማ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከቅርጫቱ ሥር ነበሩ አሉ። እኛ አገር ያቺ ኳስ ገብታለች ነው የሚባለው" አለ ሹፌሩ።

በያጁ እንደ ልማዱ መነጽሩን ፊቱ ላይ ይጥላል ብዬ ስጠብቅ አወለቀው። ሹፌሩን አላየም፤ ሚስቱን ነው ያየው።

"ኳሷማ ገብታለች። ያልገባው ልጁ ነው።"