የመቶ ሠላሳ ሜትር ጉድለት

ፑርዋንቲ ማላንግ ከተማ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ታስተምራለች። የከፍተኛው ክፍል ርዕስ ሙስናና አስተዳደር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሩቅ ደሴቶችን ወሬ ከጋዜጣ እየቆረጠች ስታስነብብ ኖረች። ዘንድሮ ግን የራሷን መንደር የበጀት ባነር ፎቶ አንስታ መጣች። ባነሩ ሕግ ስለሚያስገድድ በየመንደሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይሰቀላል፤ ፀሐይ ይጨርሰዋል እንጂ ቆሞ የሚያነበው የለም። እሷም የፈለገችው ለቃላቱ ነበር።

ተማሪዎቹ አነበቡት። ቅዳሜ ሁለቱ ሜትር ይዘው ሄዱና ባነሩ ላይ የተጠቀሰውን አዲስ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለኩ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ፈረንጆች ቋንቋውን መቻላቸው አስደስቶት ሻይ ጋበዛቸው፤ የቦዩን የርክክብ ወረቀትም ፎቶ እንዲያነሱ ፈቀደላቸው።

ሰኞ ካትሪን የምትባለው ጀርመናዊት፣ መምህርቷን በአገሩ የአክብሮት ጥሪ «ኢቡ» እያለች፣ የልኬቱን ሪፖርት አቀረበች።

«ኢቡ፣ ባነሩ ሦስት መቶ ሜትር ይላል። ያለው መቶ ሰባ ነው።»

ፑርዋንቲ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። በመንደሩ የሥራ ኮሚቴ ስም ሥራው ተጠናቋል ብሎ የፈረመው ጉናዲ ነው። ባሏ።

«ይሄን ለማንም እንዳታሳዪ።»

«ትናንት ለወረዳው ተቆጣጣሪ በስልክ ላክነው። ለእርስዎ ያመጣነው ቋንቋውን ብቻ እንዲያርሙልን ነው።»

ቤት ስትደርስ ጉናዲ የሰው ሞተር ብስክሌት ሊጠግን ፈትቶ ተቀምጧል።

«ስንት ሜትር ብለህ ነው የፈረምከው? ተማሪዎቼ ቦዩን ለክተው ለተቆጣጣሪው ልከውታል።»

«ቅጹ ባዶ ነበር። ሹሙ ፓ ሱክሮ፣ ‹አንተ ፈርም፣ እኛ እንሞላዋለን› አሉኝ። ለመንደሩ ሹም እምቢ ይባላል እንዴ? አንቺስ፣ የሰው ጉድ አልበቃ ብሎሽ ነው ባሌን ካላሳሰርኩ ያልሽው?»



ረቡዕ ከወረዳው ተቆጣጣሪ መጥሪያ መጣ፤ ለማግሥቱ ሦስት ሰዓት። መጥሪያው ላይ ያለው ስም የጉናዲ ብቻ ነው። ፑርዋንቲ ወንበር ስባ ባሏን እንደ ተማሪ ፊቷ አስቀመጠችው።

«የነገው መርማሪ እኔ ነኝ እንበል። ቅጹን ማን ሰጠህ?»

«ተሰጠኝ።»

«ማን?»

«ከጽሕፈት ቤት።»

«ስም ጥራ፣ ጉናዲ! ካልጠራህ አንተ ብቻህን ትገባለህ!»

«እናቴ ስትሞት የሰባቱን ቀን ጸሎት ያስደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። በምን አፌ?»

«ነገ እሳቸው ያንተን ስም ለመጥራት አፍ የሚያጡ ይመስልሃል?»

እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደገና ጀመረች።

«ቅጹን ማን ሰጠህ?»

«ተሰጠኝ» አለ።