ጭድ የጎረሰው ክፍል

ባሌ እህል ነጋዴ ነበር። ወረታ ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነበረን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ሬዲዮ የገዛ ዓመት ሰላም አጣን። ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንድ ቃል አይለይም።

መላውን ያመለከቱን የእህል ጆንያዎቹ ናቸው። ክፍሉ በእህል ሲሞላ ሬዲዮው ጥርት ይላል፤ እህሉ ተሸጦ ሲወጣ መልሶ ያስተጋባል። ባሌ ይህን እንዳስተዋለ ጆንያዎችን በጭድ አስጠቅጥቆ በግድግዳው ዙሪያ ደረደራቸው። ከጣሪያው ሥር አቡጀዴ ጨርቅ ወጥሮ ጭድ ደለደለበት። በሩና መስኮቱ ላይ የበሬ ቁርበት ሰቀለ። ዜና አንባቢው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማን ጀመር። ኮራሁ፤ አልዋሽም። ጎረቤት ግን ደጅ ቆሞ ስሜን ሲጠራ ቆይቶ ይመለስ ነበር።

ከእኛ በላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ገብተው ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ልጆቼ፣ ውሃ ሲመጣ በምን ልትሰሙ ነው?"

"አባቴ፣ የእርስዎን ድምፅ እንኳን ቁርበት ተራራም አያግደው" አለ ባሌ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። የርብ ወንዝ ሲሞላ መጀመሪያ ያየው ሰው ይጮኻል፤ የሰማው ቤት ተቀብሎ ለታችኛው ያቀብላል። ሽማግሌው ለእኛ፣ እኛ ለወንድሜ። ከወንድሜ በታች ቤት የለም፤ ከእኛ በቀርም የሚጠራው የለውም። ይህን እያወቅሁ ነው የሳቅሁት።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዜና እየሰማን ነበር። ዝናቡ ከሩቅ አገር የሚዘንብ መሰለኝ። ልነሳ አልሁና "ዜናው ይለቅ" ብዬ ተቀመጥሁ። ሲያልቅ ቁርበቱን ገለጥሁ። ሽማግሌው ከደጃቸው ቆመው ይጮኻሉ፤ ድምፃቸው ሰልሏል። ሜዳው በሙሉ ውሃ ነበር። ወንድሜ በሬዎቹን ሊፈታ በረት ገብቶ እዚያው ቀረ።

ከቀብሩ ማግስት ጭዱንም ቁርበቱንም አውጥቼ ጣልሁ።

በዓመቱ ርብ እንደገና ሞላ። ሽማግሌው ግን አልጮኹም። በዝናብ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በደጃችን አልፈው ወደ ወንድሜ ሚስት ቤት ቁልቁል ወረዱ። ደጅ ወጥቼ "ሰማሁ፣ አባቴ! እኔ እጠራታለሁ!" አልኋቸው።

ዞረውም አላዩኝ።