በሰላምታ የተወሰደ ጀልባ

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከወጣሁ ወዲህ ከስሜ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ይህን ነገር ደግሞ እንኳን ልጽፈው ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም ቢሆን። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ የንስሐ አባት የለም። የምንጸልይበት ቤትም ከታሸገ ቆይቷል። እንግዲህ ይህን የምታነቡ እናንተ ስሙኝ። ቶሎ አትፍቱኝ፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የኦቦ ዱጋሳን ጀልባ ለሌባ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በእጄ አልነካሁትም። በአፌ ነው የሰጠሁት።

የምሠራው ዲጋ ከተማ፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ውስጥ ነበር። ጋሽ ሸምሱ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው። ጨው፣ ላምባና ሳሙና ይሸጣል፤ ኦሮምኛውን ከእኛ እኩል ይናገራል። ሱቁ ውስጥ ስልክ አለ። እጀታውን ስታዞሩት ነቀምቴ ያለችው ኦፕሬተር ታነሳለች፤ እሷ ደግሞ ከፈለጋችሁት አገር ታገናኛችኋለች። የእኔ ሥራ ስልኩን ማንሳትና የተፈለገውን ሰው ሮጬ መጥራት ነበር።

ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። ደንበኛ ሲገባ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ እይዛለሁ፤ የሳሙናውን ዋጋ ቢጠይቁኝ በጣቴ ነው የማሳየው። ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ማን ያየኛል? ድምፄ ይከፈታል፣ እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ።

ጋሽ ሸምሱ ስሜን ዲንቂን ትቶ «ኢንተሎ»፣ ልጅት፣ እያለ ሁልጊዜ ያሾፍብኝ ነበር። «ኢንተሎ፣ ስልክ ላይ አንበሳ፣ ሰው ፊት ጫጩት! ደንበኛውን ሁሉ ሽቦ ውስጥ መክተት ብችል ኖሮ ባንቺ በከበርኩ።»

ኦቦ ዱጋሳ የሚኖሩት ዴዴሳ ወንዝ ዳር ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ የተረፈ የብረት ጀልባ ነበራቸው። ከልጃቸው ከለሊሳ ጋር ሆነው ድልድዩ የሚርቀውን ሰው፣ እህሉንም ፍየሉንም፣ ያሻግሩበታል። ለሊሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ያ ከባድ ብረት ደግሞ በአንድ ሰው ጉልበት ከወራጅ ውሃ ጋር አይታገልም። ስለዚህ ሸጠው ጥማድ በሬ ሊገዙ ቆረጡ። «ውሃው ልጄን ያህል ረዳት ይፈልጋል፤ በሬን ግን ብቻዬን እችለዋለሁ» ብለው ለጋሽ ሸምሱ ነገሩት፤ እሱም በስልክ ለሚያገኛቸው ነጋዴዎችና ሾፌሮች ሁሉ ወሬውን አዳረሰ።

ሚስታቸው አዴ ቀነኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ስልኩ አጠገብ፣ የጨው ጆንያ ላይ ትቀመጥ ነበር።

«አዴ፣ ወታደር እኮ ስልክ አይሰጠውም» ይላታል ጋሽ ሸምሱ።

«ይደውላል መቼ አልኩ? ምናልባት ቢደውል ባዶ ቤት እንዳይጮህ ብዬ ነው።»

እዚያው ተቀምጣ የልጇን ነገር ታወራናለች። ሲወለድ ግንባሩ እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ ስለነበር እቤት ውስጥ «ጃርሶ» ብላ ትጠራዋለች፤ ሽማግሌዬ እንደማለት ነው። «ውጭ ብለው ይገድለኛል!» ብላ አፏን ይዛ ትስቃለች። ያን ስም የምናውቀው ቤተሰቡ፣ ጋሽ ሸምሱና እኔ ብቻ ነበርን።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ወንድ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ኦሮምኛው የወለጋ።

«አከም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ ኮ? ነጋ ዳ?»

እህቴ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ጀልባ የሚሸጥ አለ ሲባል ሰምቶ ነው፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለሚያሰግሩ ሰዎች የሚገዛ ነው። ከዚያ ወደ ሰላምታው ተመለሰ። የአገራችንን ሰላምታ ታውቃላችሁ፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ አያልቅም። ለእያንዳንዱ መልስ ካልሰጣችሁ እናንተ ናችሁ ባለጌ የምትባሉት።

«ባለ ጀልባው ሰውዬ እንዴት ናቸው? ቤታቸው ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ልጆቹስ?»

«አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሱም ውትድርና ሄዶ ወሬው ጠፋ።»

«ዋቃ ያውጣው! እናትየው እንዴት ችላው ይሆን?»

በሚቀጥለው ቀንም ደወለ፤ ከዚያም በኋላ ደወለ። እኔም እናትየው እንዴት እንደቻለችው ነገርኩት። ጆንያው ላይ መቀመጧን ነገርኩት። የኦቦ ዱጋሳን ጎሳ፣ እስከ አያታቸው ያለውን ስም ነገርኩት። ግንባሩ ስለተጨማደደው ሕፃን እየሳቅኩ አወራሁት፤ «ጃርሶ» የሚለውንም ስም ሰጠሁት። ማን ጠየቀኝ? ስሙን እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። እሱ ስላሳቀኝ እኔም ላስቀው ፈልጌ ነው። ሰው «አንቺ ጨዋታ ታውቂያለሽ» ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ኦቦ ዱጋሳ ስልክ ላይ ይቅረቡልኝ አለ። ቀረቡ። በዚያ ስልክ ሰው ጮኾ ነው የሚያወራው፤ አጠገቡ የቆመ ሁሉ ይሰማል። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጋሽ ሸምሱ ውጭ የጨው ጭነት ያስወርዳል።

ሰውዬው በሰላምታ ጀመረ። የእሳቸውን አያት በስም ጠራ፤ «እኛ እኮ ዘመድ ነን» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና እንዲህ አለ፤ «ኦቦ፣ ከልጅዎ ጋር በአንድ ጦር ነበርን። ቆስዬ ተመለስኩ እንጂ እሱ ደህና ነው። እናቴ ጃርሶ ትለኛለች ብሎ ያስቀን ነበር።»

ኦቦ ዱጋሳ የስልኩን መነጋገሪያ በሁለት እጃቸው ያዙ። ያ ትልቅ ሰው፣ ዴዴሳ ሲሞላ የማይፈራ ሰው፣ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እዚህ ላይ ነው በደሌ። ከዚህ በፊት ያለው የሞኝነት ነው፤ ይኸኛው ግን አይደለም። «ጃርሶ» የሚለው ቃል ከስልኩ ወጣ። የእኔ ቃል ነው። ማክሰኞ ዕለት የሰጠሁት ቃል ነው ተመልሶ የመጣው። አወቅሁ። በዚያች ቅጽበት አወቅሁ! የሸሚዛቸውን እጅጌ ጎትቼ «ኦቦ፣ እኔ ነኝ የነገርኩት» ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ምን ያዘኝ? ፍርሃት ነው? እፍረት ነው? ደስታቸውን ላለመንጠቅ ነው? ብዙ ጊዜ ይህን የመጨረሻውን ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ውሸት ነው። ያወራሁት እንዳይታወቅብኝ ነው ዝም ያልኩት። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩና ዝም አልኩ።

በማግስቱ መኪና ወንዙ ዳር ደረሰ። ጀልባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጫኑት። ሒሳቡን ቅዳሜ ነቀምቴ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰውዬው ራሱ ይሰጥዎታል ተባሉ። ኦቦ ዱጋሳ «ከዘመዴ፣ ከልጄ ጓደኛ ምን ቀብድ እቀበላለሁ?» ብለው መቅዘፊያውን ጨምረው ሰጧቸው። አዴ ቀነኒ ለልጇ ጓደኛ ቅቤ ቋጠረች። ባልና ሚስት ቅዳሜን ሙሉ አውቶቡስ ተራ ቆሙ። ማንም አልመጣም።

ሲመለሱ ቀጥታ ወደ ሱቁ ገቡ። ቀበሌም ተጠራ፣ ሰፈሩም ተሰበሰበ። ኦቦ ዱጋሳ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ጃርሶ የሚለውን ስም ከዚህ ቤት በቀር ማን ሰማ?»

ሁሉም ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረ።

«ስልኩ የማን ነው? የአንተ!» አለ አንዱ።

«ነጋዴ አይደል? እናቱንም በሚዛን ይሸጣል!» አለ ሌላው።

አንዲት ሴት ወደ እኔ ጠቆመች። «ይህቺስ? እሷም እኮ እዚሁ ነው የምትውለው።»

ሰው ሳቀ። «እሷማ አፍ የላትም!» አሉ። «የሳሙና ዋጋ መናገር የማትችል፣ ምስጢር ልታወጣ?»

ጋሽ ሸምሱ በልጆቹ ማለ። ማንም አላመነውም። እኔ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሜ ነበር። አፌ በነጠላ ተሸፍኖ፣ እውነቱ ከነጠላው ሥር ሆኖ። ቀበሌው ማስረጃ አጣና ለቀቀው፤ ሰው ግን አልለቀቀውም። ጨው ለመግዛት ሳይቀር እስከ ነቀምቴ መሄድ ጀመሩ። አንድን ሰው ከሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቹ ነጥዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ።

ጋሽ ሸምሱ በመጨረሻ ዲጋን ለቅቆ አገሩ ገባ፤ አሁን ስልኩን የምይዘው ብቻዬን ነኝ፤ ሥራዬንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ያለ እፍረት ላስተምራችሁ። ያ ሰው ያን ሁሉ ቀን ሲደውል ጀልባው ያፈሳል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ስንት ሰው ይጭናል፣ ብረቱ ዝጓል ወይ አላለም። የሚገዛ ሰው ስለ ዕቃው ይጠይቃል፤ የሚሰርቅ ሰው ስለ ባለቤቱ ነው የሚጠይቀው። ዕቃውን ሳያይ የወደደውን ሰው ፍሩት። በስልክ የተገኘን ዘመድ፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ዘሩን እስኪቆጥር ድረስ፣ ዘመድ አትበሉት። ብር እጃችሁ ሳይገባ ዕቃው ከደጃችሁ አይንቀሳቀስ፤ ይህን ማለት ንፍገት አይደለም።

በቅርቡ አንዱ የወፍጮ ሞተር ሊገዛ ደውሎ «የባለቤቱ ቤት እንዴት ነው? ልጆቹስ?» አለኝ።

«ሰላምታውን ስትመጣ በአካል እንጨርሰዋለን። የሞተሩን ጉልበት ልንገርህ?» አልኩት።

«ምን ያለሽ ባለጌ ነሽ!» ብሎ ዘጋው። ተመልሶም አልደወለም። ዲጋ ውስጥ ሰላምታ የማታውቅ እየተባልኩ እታማለሁ፤ ይታሙኝ። ሞተሩ ባለቤቱ ደጅ ነው ያለው።

አዴ ቀነኒ ግን ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሌባ ነው ቢሏትም እሷ አንዱን ነገር ለቅቃ አንዱን ይዛለች። «ጀልባውን ይውሰደው፤ ስሙን ግን ከልጄ አፍ ካልሰማው ከየት አመጣው? ልጄን አይቶታል» ትላለች። ጆንያው ላይ ተቀምጣ ትጠይቀኛለች። «ዲንቂ፣ የጃርሶ ጓደኛ ደወለ?»

«አልደወለም፣ አዴ።»

ከየት እንዳመጣው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እውነቱን ስነግራት ሁለተኛ ጊዜ ልጇን እወስድባታለሁ። አልነግራትም ብል ደግሞ በየቅዳሜው እሰርቃታለሁ። ይህን አስቤ ጨርሻለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ነጠላዬን ከአፌ አንስቼ፣ ፊቷን እያየሁ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ኦቦ ዱጋሳ ባሉበት፣ ያ ሁሉ ሰው በሳቀበት ቦታ እደግመዋለሁ። ከዚያ አገሩ ድረስ ሄጄ ለጋሽ ሸምሱ። በስልክ ብነግረው ይቀለኝ ነበር፤ ስለሚቀለኝ ነው የማልደውለው። ይቅር በሉኝ አልላቸውም። የእነሱ ጉዳይ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ዲጋን የለቀቀ ጠዋት ከእኔ በቀር የሸኘው አልነበረም። ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ አውቶቡሱ ሄድኩ። ነገሩን አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሱቁን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፋቸው።

«ስልኩን ለማንም አትስጪ፣ ኢንተሎ» አለኝ። «በዚህ አገር የሰማውን የማያወጣ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»