ዝግ የሚለው ለውጥ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ቀበሌው ሕይወት በምድር ላይ እንዴት እንደ ጀመረ ለነዋሪው እንዳስረዳ አዘዘኝ። ዓላማው እግዜርን ከአዳራሹ ማስወጣት ነበር። ለዚህ ሥራ የቅኔ መምህር ልጅ መምረጣቸው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መቅረት ያስጠይቃል።

ከሐይቁ አንድ አምባዛ በሳፋ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። ቅርፊት ስለሌለው አባቴ የማይቀምሱት ዓሣ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ዓሣው ብቅ ብሎ አየር ጎረሰ።

«አያታችን እሱ አይደለም፤ ብልሃቱን ግን ያሳየናል» አልሁ። «ውኃው ሲጎድል አየር መሳብ የቻለው ተረፈ። ክንፉ እግር እስኪሆን ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ፈጀ። ይህ ዝግመተ ለውጥ ይባላል።»

የቀበሌው ካድሬ ብድግ አለ። «ጓድ መምህር፣ ዝግመተ ምን?»

«ለውጥ።»

«ዝግ የሚል ለውጥ? እኛ አብዮት ላይ ነን፣ አንተ ሕዝቡን ዝግ በል ትላለህ?»

ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ ስሙ እዚያ ደብተር ላይ በሰፈረ በሦስተኛው ቀን ታስሯል። እጄን የማሳርፍበት አጣሁ። ሳፋውን ብይዝ ውኃው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እልኸኛ ነኝና «ታዲያ ዓሣውን አስቸኩለው!» ልል አፌን ስከፍት አባቴ ተነሡ።

«ጓድ፣ አይፍረዱበት። ዝግ የሚለው ልጁ ራሱ ነው። አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካድሬውም ሳቀ። «ታዲያ አባት፣ ይኼን ነው መምህር ያደረጉት?» አለና ደብተሩን ከደነ።

ከአባቴ ጋር ሳፋውን ወዲያና ወዲህ ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። እኔ በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላ እዞራለሁ።

«ዓመት ሳይሞላህ ነው የተናገርህ» አሉኝ አባቴ። «ከዚያ ወዲህም ዝም አላልህም። በዚህ ዕድሜዬ በአደባባይ ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ ምን እላቸዋለሁ?»

«ለልጄ ብዬ ነው ይበሏቸው።»

«አንተስ ለአንድ ቃል ብለህ ልትታሰር ነበር።»

ሐይቁ ጋ ስንደርስ አባቴ ሳፋውን አዘነበሉት። አምባዛው ዳር ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ቆም አለ።

«ሂድ እንጂ!» ብለው ተቆጡት። «አንተም ዝግ ልትል ነው?»