ታብሌቱ የረሳት ልጅ

ሥራ በጀመርሁበት ቀን ሦስት ዕቃ ፈርሜ ተረከብሁ፦ አንድ ስም መጥሪያ መዝገብ፣ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ ከአሮጌ ጋቢ የተቆረጠ ሰሌዳ ማጥፊያ። ትምህርት ቤቱ ስማዳ ውስጥ ነው፤ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የደረሰኝ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ስገባ ልጆቹ በሙሉ ተነሡ። እኔም ቆምሁ። እነሱም ቆመው፣ እኔም ቆሜ ተያየን። በመጨረሻ ከፊት ያለችው ልጅ፣ «ቲቸር፣ ‹ተቀመጡ› በሉን እንጂ» አለችኝ። ሥራዬን መጀመሪያ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት በዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ልመዘገብ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ጊዜው አልፏል፣ መስከረም ነይ» ተብዬ ተመልሻለሁ። መስከረም ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥራ ይመጣል። በመጨረሻ ስገባ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጥንቁቅ ይሆናል። ተማሪዎቼ ፊደሉን ከመስመሩ ላይ ካላስቀመጡ አስደግማቸዋለሁ። በመዝገቤ ላይ ስርዝ ድልዝ አይገኝም።

ታብሌቶቹ የመጡት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መኪናው ወንዙን መሻገር አቅቶት ቆመ፤ ካርቶኖቹን ወላጆች ተሸክመው አቀበቱን አወጡ። አርባ ታብሌት፣ አርባ ጆሮ ማዳመጫ፣ ከጣሪያው ላይ የሚሰቀል ሶላር፣ ለመምህሩ ደግሞ አንድ መቆጣጠሪያ ታብሌት። አርባዎቹ ለየአንዳንዱ ልጅ በስሙ የሚሰጡ ናቸው። ክፍሌ ውስጥ አርባ ስድስት ልጆች ስለ ነበሩ ስድስቱ ተራ ጠባቂ ሆኑ።

ወገዳ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድሁ። ሁሉን በደብተሬ ስገለብጥ ያየ አሠልጣኝ፣ ገና ልጅ ነው፣ ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ምን አደከመዎት? ሁሉም ነገር እኮ እዚሁ ውስጥ አለ።»

«ይኑር» አልሁት። «እኔ የማምነው ደብተሬን ነው።»

እንዲህ ያልሁት ሴትዮ በኋላ ምን እንዳደረግሁ እነግራችኋለሁ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ሙሉቀን ደግ ሰው ናቸው፤ ንብረት ግን ያስፈራቸዋል። ታብሌቶቹን ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ሁለት ሳምንት አስቀመጧቸው።

«ርዕሰ መምህር፣ ካልወጡ ምን ይሆናሉ?» አልኋቸው።

«አዲስ እንደሆኑ ይኖራሉ» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አስወጣኋቸው። ከበሩ ላይ ጀሪካን ውኃና ሳሙና አኖርሁ። ልጆቹ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው ነው የሚመጡት፤ በዚያ እጅ መስተዋቱን ሲነኩት ይጨማለቃል። እጅ ታጥቦ፣ በነጠላ ጫፍ ተደርቆ፣ ለእኔ ታይቶ ነው የሚገባው።

ታብሌቱ ውስጥ የምታስተምር የሴት ድምፅ አለች። ፊደሉን ትጠራለች፤ ልጁ ትክክለኛውን ሲነካ «ጎበዝ!» ትላለች። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በሙሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ መለሰላት። ስም ስትጠራ «አቤት!» ብለው የሚነሡ ነበሩ። አንዷ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «ቲቸር፣ ሴትዮዋ ምሳቸውን መቼ ነው የሚበሉ?» አለችኝ። ሰማዩ ደምኖ ሶላሩ ሲደክም ደግሞ ታብሌቶቹ ይጠፋሉ። «ተኝተዋል፣ አትቀስቅሷቸው» እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ከሁሉ የወደዱት ዛፉን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሲጀምር መሬት ላይ አንዲት ዘር ያያል። አንድ ትምህርት ሲጨርስ አንድ ቅጠል ይወጣል። ልጅ ቀርቶ ሲመጣ ዛፉ ካቆመበት ይጠብቀዋል። የሚጠብቅ ትምህርት ቤት በልጅነቴ አላጋጠመኝም ነበር።

የወላጆች ስብሰባ ላይ አያ ደሴ የሚባሉ አባት ተነሡ። ከገደሉ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም።

«እትዬ መምህር፣ ይሄ የመስተዋት ሰሌዳ ልጄን ካስተማረ እርስዎ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ቻርጅ አደርገዋለሁ» አልኋቸው።

ሕዝቡ ሳቀ። አያ ደሴም ሳቁና፣ «እንግዲያስ ከእኔ በሬ በምን ተለየ? እኔም ውዬ አድሬ የማበላው እሱን ነው» አሉ።

የአያ ደሴ ልጅ እናኑ ትባላለች። ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ እሷም እንደኔ ዘግይታ የገባች ናት። የያዘችው ታብሌት ቁጥር ዐሥራ ሰባት ነው። በኅዳር አጋማሽ ዛፏ ሠላሳ አንድ ቅጠል ነበረው፤ ከክፍሉ የሚቀድማት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቀረች።

«እናኑ የት ናት?» ብዬ ስጠይቅ ልጆቹ «ቤት ናት» አሉኝ። በመዝገቡ ላይ «ቀ» ጻፍሁ። በማግስቱም «ቀ»። ቤታቸው ገደሉን ወርዶ መውጣት ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አልሄድሁም።

ቁም ሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈ መመሪያ አለ። ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ እንዳቋረጠ ይቆጠራል፤ በታብሌቱ ያለው ሥራው ይደመሰስና ታብሌቱ ለተራ ጠባቂ ይሰጣል ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ባለቀ ቀን መመሪያውን እንደገና አነበብሁ፤ ደብተሬን ገለጥሁ፤ የመደምሰሻውን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ፈጸምሁ። ታብሌቱ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» የሚለውን ነካሁ። ቁጥር ዐሥራ ሰባት ለሌላ ልጅ ሆነ። በሥራው እንከን እንደሌለበት ሰው ተረጋግቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የካቲት መግቢያ ላይ አንድ ጧት ትምህርት ቤት ስደርስ እናኑ በሩ ላይ ቆማለች። ራሷ ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ግማሽ ድፎ ዳቦ ተሸክማለች።

«ቲቸር፣ እናቴ ‹ለመምህርትሽ› ብላ ነው። ትናንት እታለም ክርስትና ተነሣች።»

የቀረችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። እናቷ ወልዳ ነው። ሕፃኗ ሴት በመሆኗ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀኑ ይበቃ ነበር። እናኑ ታላቅ ልጅ ናትና ሰማንያውን ቀን አራስ ስትጠብቅ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ለወቂዎች ምግብ ስታደርስ ከርማለች። በመመሪያው ላይ ስለ አራስ ቤት የተጻፈ ነገር የለም።

እጇን ሳላዛት ታጠበች። አሳየችኝ። ወደ ዐሥራ ሰባት ቁጥር ሄደች። ሌላ ልጅ ይዞታል። የማደርገው ጠፍቶኝ መቆጣጠሪያ ታብሌቴን ሰጠኋትና ስሟን አስገባሁ። አንዲት ዘር ወጣች። ሴትዮዋም ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች፣ «ሀ»።

እናኑ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«ቲቸር፣ ረስቶኛል።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እናኑ።»

ትንሽ አሰበች። «ግድ የለም። እኔ እንደሆነ አልረሳሁም» አለችኝ።

ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም። አቶ ሙሉቀን መዝገቡን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እትዬ የሻረግ፣ ልጅቱ አቋርጣለች ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። የመንፈቁን ፈተና አልተፈተነችም። ለአንዷ ካላላሁ ለሁሉም ማላላት ሊኖርብኝ ነው። መስከረም ትምጣ።»

ያችን ቃል ከሰማኋት ብዙ ዘመኔ ነው። እናኑ በመስከረም ዐሥራ አንድ ዓመት ይሆናታል፤ የምትታዘል እኅት አለቻት። መስከረም ምን እንደሚያመጣ እኔ አውቃለሁ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ የመናገር ልማድ የለኝም። «ሰፌዱን ልመልስ ቅዳሜ ማዶ እሄዳለሁ፤ አብረውኝ ይምጡ። እዚያው ይፈትኗት። ካላወቀች እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አልኋቸው። ዳቦውንም ስለ ቀመሱ እንቢ ማለት ይሉኝታ ያዛቸው።

ቅዳሜ ገደሉን ወረድን፣ ወጣን። ባዶ ሰፌድ መመለስ ነውር ነውና ሁለት ደብተርና እስክሪብቶ አኖርሁበት። አያ ደሴ ከበር ተቀበሉን።

«ደግ መጣችሁ! ልጄን ሰሌዳው ምን አስተማራት? ግድግዳዬን አጠፋችው!»

ገብተን አየን። በሩን እንደገቡ በስተግራ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ በከሰል የተሣለ ዛፍ ቆሟል። ከመሬት ተነሥቶ ጣራው ሥር ይደርሳል። ቅጠሉን ቆጠርሁ። ስልሳ አራት ላይ ስደርስ እናኑ፣ «ጣራው ጋ ያሉትን ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሣልኋቸው፤ አይዝለሏቸው» አለችኝ።

«በቅጠሉ ምኑን ነው የምትቆጥሪ?» አልኋት።

«አንድ ትምህርት ሳስታውስ ለእታለም እነግራትና አንድ ቅጠል አወጣለሁ። ያወቅሁት ሲያልቅብኝ ደግሞ ይሄን ማንበብ ጀመርሁ።» ወደ ጓዳው ግድግዳ አሳየችን። አያ ደሴ ነፋስ እንዳይገባ ከወገዳ ገበያ ባመጡት አሮጌ ጋዜጣ ለብጠውታል። ፊደል ስላልቆጠሩ ግማሹን ገልብጠው ነው የለጠፉት።

አቶ ሙሉቀን ለፈተናው ጉሮሯቸውን አጠሩ። ጣታቸውን በዘፈቀደ ጋዜጣው ላይ አሳረፉ። የተገለበጠው ላይ አረፈ።

«ይሄን አንብቢ» አሉ፤ ወዲያው መገልበጡን አዩና፣ «አይ፣ ተዪው፣ ሌላ…» ሊሉ ሲሉ፣ እናኑ አንገቷን አዘንብላ ራሷን ትከሻዋ ላይ አስተኛችና ጀመረች።

«የስንዴ ዋግ ምልክቱ… በቅጠሉ ላይ… ዝገት የሚመስል… ቢጫ ዱቄት ነው።»

አቶ ሙሉቀን ልክ መሆኗን ለማየት አንገታቸውን አዘነበሉ። እኔም አዘነበልሁ። ሦስታችን አንገታችንን ሰብረን ግድግዳ ሥር ቆመን ለሚያየን ምን እንደምንመስል እንጃ። እናኑ ቀጠለች። ርዕሰ መምህሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋባቸው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ የቱ ጋ ነሽ?»

«እዚህ ጋ፣ ጋሼ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄድ።»

ይህን ጊዜ አያ ደሴ ከኋላችን ጮኹ። «የስንዴ ዋግ አለች? ሁለት ዓመት ስንዴዬን የፈጀው ዋግ መድኃኒቱ የተጻፈ ከጓዳዬ ነው?»

«መድኃኒቱ ከላይ ነው፣ አባዬ። ዋግ የሚችል ዘር ይዘራል ይላል።»

«አንቺ ልጅ! ሦስት ወር ሙሉ አንብበሽው ዝም ትይኛለሽ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ‹ተገልብጦ የተነበበ አላምንም› አልኸኝ።»

እናቷ አልጋዋ ላይ ሆና ስትስቅ ሕፃኗ ነቃች። አቶ ሙሉቀን አንገታቸውን እያሹ ቀና አሉ።

«ሰኞ ትምጣ» አሉ።

«ሰኞ? ነገስ ምን አላት!» አሉ አያ ደሴ።

«ነገ እሑድ ነው፣ አያ ደሴ።»

«እንግዲያስ ነገ የቀረውን ግድግዳ ታነብልኛለች።»

ሰኞ የእናኑን ስም ከመዝገቡ መጨረሻ ላይ ጻፍሁ፤ መዝገቤ ውስጥ ያለው አንድ ስርዝ ከቀድሞው ስሟ ፊት ለፊት «አቋርጣለች» ብዬ የጻፍሁት ላይ ነው። የእኔን መቆጣጠሪያ ታብሌት ያዘች። ከዘሩ ጀመረች፤ የታብሌቱ ሴትዮ «ሀ በሉ» ስትላት «አውቃለሁ እኮ፣ ይለፉ» እያለች ትመልሳለች። ሠላሳ አንደኛውን ቅጠል በአራተኛው ቀን አለፈችው። ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣችም፤ ሦስተኛ ወጣች። እኔ ያለ መቆጣጠሪያ ክፍሉን ሁሉ እየዞርሁ በዓይኔ መቆጣጠር ለመድሁ፤ ለሥራውም ይህ ይሻላል።

አያ ደሴ በሚቀጥለው ክረምት ዋግ የሚችል ዘር አፈላልገው ዘሩ። በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ታብሌት ያልደረሳቸው ልጆች ጋዜጣ ይሰጣቸው አሉ። ቢቻል የተገለበጠ።

ለአዲስ መምህራን የማስተላልፈው ይህን ነው። የልጁ ሥራ ያለው ታብሌቱ ውስጥ ብቻ ከሆነ አንድ ጣት ያጠፋዋል። ስለዚህ በየዓርቡ የእያንዳንዱን ልጅ ቅጠል ቆጥሬ በደብተሬ እጽፋለሁ። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ እሄዳለሁ፤ ገደል ቢኖርም እሄዳለሁ። ከእናኑ በኋላ አንድም ልጅ አልደመሰስሁም።