አዴር ሙክታር መንገድ የዘጋብን ቀን

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። በሦስተኛው የማላውቀው ሰው አነሳና "እህቴ፣ አዴር የለም" አለኝ። የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩት። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ጠየቅኩት።

ባለፈው ሰኞ እኮ አውርተናል። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ስቆ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጅጅጋ መግቢያ ላይ፣ የጭነት መኪናው ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ለንጋት ሶላት ሳይነሳ ሲቀር ጓደኞቹ ጋቢናውን አንኳኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀበሩት።

አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። አጎቴ አልነበረም። በእድሜ አባቴ ቢሆንም አንተ ነበር የምለው፤ የጅጅጋ ሰው አንቱታ አያበዛም።

ቤቱ መኪናው ነበር። ከወንበሩ ጀርባ አልጋው፣ ከአልጋው በላይ ገመድ ላይ የተሰቀሉ ሸሚዞቹ፣ በፔርሙስ ሻይ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠብበት የውዱ ውሃ በጀሪካን። ጫማውን ሳያወልቅ ጋቢና የሚገባ ሰው አይወድም ነበር። የቤት ኪራይ ሰስቶ ነው የሚሉም ነበሩ። እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር።

እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ።

በ2013 ሚያዝያ ደገሀቡር እሠራ ነበር። ልጄ ቤዛ ሁለት ዓመቷ ነው። ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ሁለቴ አንቀጠቀጣት፤ ወደ ጅጅጋ ውሰጃት ተባልኩ። ባለቤቴ ጅጅጋ ይጠብቀናል። ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

መንገድ አጋምሰን ሁሌም ደረቅ የሆነ አሸዋማ ወንዝ ጋ ስንደርስ ውሃ ሞልቶታል። ቡናማ ነው፣ ጉልበት የሚደርስ ይመስላል። ከፊታችን የቆመ አንድ ተሳቢ ብቻ ነበር። ሾፌራችን ሞተር ሳያጠፋ "እናልፋለን" አለ። በተሳቢው ጎን ሊዞር ሲል ተሳቢው ተነሳ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አለና መንገዱ ላይ አግድም ቆመ። ግራም ቀኝም ገደል ነው። ተዘጋ።

ሰው ሁሉ ወረደ። ሾፌራችን የጋቢናውን በር መደብደብ ጀመረ። ሽበታም፣ ሽርጥ የታጠቀ ሰው ወርዶ ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተና የመኪናው የፊት መከላከያ ብረት ላይ ተቀመጠ። ላይ አገር ዝናብ አለ፣ ዋናው ውሃ ገና ነው የሚመጣው አለ። ማንም አልሰማውም።

ቤዛ እቅፌ ላይ ትቃጠላለች። አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። ያኔ ነው ያበድኩት። ሰው ገፍቼ ፊቱ ቆምኩና "ልጄ ከሞተች በአንተ ነው፤ እግዜር ይፈርድብሃል" አልኩት።

ተነሳ። በእጁ ጀርባ ግንባሯን ነካ። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

"ጋቢና ግቢና አልጋው ላይ አስተኚያት። ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ የምታልፈው እሷ ናት። አሁን ግን አታልፊም" አለኝ።

በጭቃ ጫማዬ ወጣሁ። ነጠላዬን ከጀሪካኑ እየነከርኩ ሰውነቷን አበስኩ። ውጭ ጩኸቱ ባሰ። አንዱ በድንጋይ የጎን መስታወቱን ሰበረው። ሌላው ቁልፉን ሊነጥቀው ሸሚዙን ቀደደ። እሱ ኪሱን በሁለት እጁ ይዞ "መንገድ የትም አይሄድም" ይላል። ይህችን ቃሉን ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! የቸኮለ ሰው ባየ ቁጥር ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ጠላኋት።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ብዙ ከባድ መኪና አብሮ የሚመጣ መሰለኝ። ከዚያ ውሃው በአንዴ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። ከነሥሩ የተነቀለ ግራር ተሸክሟል፣ ፍየሎችም ነበሩበት። አዴር ዘሎ ገባና መሪውን አጥፎ ወደ ኋላ ነዳ፤ የፊት ጎማዎቹ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

ሾፌራችን መሬት ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ። አሥራ አራት ሰው ነበር የጫነው።

ውሃው የጎደለው ከሰዓት በኋላ ነው። አዴር ቃሉን ጠበቀ፤ መጀመሪያ ያለፍነው እኛ ነን። ተሳቢ በማይገባበት መንገድ ገብቶ ሆስፒታል በር ላይ አወረደን። ወባ ነበር። ቤዛ ሦስተኛው ቀን ላይ ውሃ ስጪኝ አለችኝ።

መንገድ ላይ የነገረኝን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ከዓመታት በፊት እዚያው ወንዝ ላይ አንድ ባልና ሚስት በፒካፕ ደርሰው "ያሳልፋል ወይ?" ብለው ጠይቀውታል። እሱ ቀድሟቸው ተሻግሮ ስለነበር "ያሳልፋል፣ ሂዱ" አላቸው። መሃል ሲደርሱ ነው ውሃው የመጣው።

"እጄን አውለብልቤላቸው ነበር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ መተኛት አቃተው። የዝናብ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነሳና መንገድ ይወጣል። በመጨረሻ ቤቱን ለእህቱ ትቶ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ዳመና ካየ ያንን ወንዝ ሄዶ ይጠብቃል። ለስንት ሰው መንገድ እንደዘጋ፣ ስንት ሰው እንደሰደበው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቤዛ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች፤ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

አዴር፣ የዛሬውን ደወልኩና ጠየቅኩልህ። ደገሀቡር መስመር ዝናብ የለም። ላይ አገርም ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ወንዙ ደረቅ ነው፣ መኪናው ሁሉ በሰላም እያለፈ ነው።

ተኛ፣ አዴርዬ። አሁን ተኛ።