ከአንድ አድራሻ

ትናንት ጉርድ ሾላ በተከራየኋት ክፍል ኢንተርኔት ሊያስገባልኝ የመጣው ልጅ፣ "ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?" አለኝ።

"አንድ።"

"አንቺ ብቻ?"

"ማንን ልጨምርልህ?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጎሮ ትዝ አለኝ።

ጎሮ እኔን ጨምሮ አምስት ተከራዮች አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። የኢንተርኔቱ መስመር የአከራያችን የእትዬ ለተብርሃን ነው፤ ከሳሎናቸው ተነስቶ በጣሪያው ሥር በየክፍላችን ይገባል። ሽቦውን የዘረጋው ሰው፣ "ውጭ ላለ ሰው ሁላችሁም አንድ አድራሻ ናችሁ፤ የየክፍሉን ለይታ የምታድለው ይቺ ሳጥን ናት" ብሎን ነበር። እርስ በርስ ግን ሰላምታ እንኳ የለንም። እትዬ ለተብርሃንም መስመሩን ለመዝሙር ብቻ እንዳስገቡት ሳይናገሩ አይውሉም።

ያን ክረምት ኦሎምፒያ ከምሠራበት ሱቅ ጭቃውን እየረገጥኩ እመጣና፣ የተጠበሰ በቆሎዬን እየጋጥኩ ላፕቶፔ ላይ በኢንተርኔት ዳማ እጫወታለሁ። ሁሌም ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ስሙ "ጎበዝ44"። ከሱቅ ደንበኞች ሌላ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር።

"ሽማግሌ፣ ዛሬም ላስለቅስህ ነው!" ብዬ እጽፍለታለሁ።

"አፍሽ ከእጅሽ ይፈጥናል" ይለኛል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ቀን ገና ጨዋታው ሳያልቅ የዳማው ገጽ በሁለታችንም ላይ ተዘጋ። ሁለታችሁም ከአንድ አድራሻ ናችሁ፤ አንድ ሰው ራሱን እያሸነፈ ነጥብ ይሰበስባል፤ ሁለት ከሆናችሁ አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ላኩ፣ ይላል በቀይ ጽሑፍ።

ከአንድ አድራሻ! ጎበዝ44 እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የተከራዮቹን በር ሁሉ አንኳኳሁ። አራቱም ዳማ አንጫወትም አሉኝ። የቀረው የሳሎኑ በር ነው።

"እትዬ፣ ዳማ ይጫወታሉ እንዴ?"

"እኔ? በፍልሰታ ምድር?"

"ገጹ የሚፈልገው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። አብረን ከተነሳን ይከፈትልናል።"

"ከተከራይዋ ጋር ዳማ ስትጫወት ታመሻለች ይበለኝ ሰዉ? ሂጂ ወደ ክፍልሽ!"

"እባክዎ እትዬ፣ ሌላ ሰው የለኝም።"

ማንንም ለምኜ አላውቅም ነበር። እሳቸው በሩን እየገፉ፣ "ደግሞ እየተሸነፍሽ ነበር" አሉኝ። "አፍሽ ከእጅሽ ይፈጥናል።"

በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ስንገናኝ "እንደምን አደሩ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን"፣ በቃ። በመስከረም ለቀቅኩ። ቆርኪ ለቅሜ፣ ካርቶን ላይ መስመር አስምሬ፣ ያን በር ደግሜ ማንኳኳት ነበረብኝ። ኮራሁ።

ትናንት ልጁ እንደወጣ ያን ገጽ ከፈትኩት። መስመሩ ፈጣን ነው። የድሮ ስሜን ስጽፍ ግን ያው ቀይ ጽሑፍ መጣ። እኔና እትዬ ለተብርሃን እዚያ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ነን።